በአንድ ጣት የሚያዝ ፍሬን

ጂንካ ውስጥ፣ ከድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ማዶ፣ በሩ ላይ አንድ አሮጌ ያማሃ ሞተር የሚቆምበት ቤት ነበር። ሞተሩ የወንድይፍራው የአባቱ ቅርስ ነው። አባትየው መንግሥት በተለወጠ ማግስት ከአንድ ተዘግቶ ከሚሄድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ገዝቶት፣ ሲሞት ለልጁ ተወለት። ወንድይፍራው በዚያ ሞተር የከብት መድኃኒት ጭኖ እስከ ዲመካ፣ እስከ ቱርሚ ይወርዳል። ሚስቱ አስቻለች ድምፁን ከሩቅ ለይታ እራት ታቀርባለች። እንዴት ያለ ትዳር ነበር! ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ እሱ እሷን ሳያጎርስ አይጀምርም። ጎረቤቱ ሁሉ "እናንተ ሰዎች ጫጉላችሁ አያልቅም እንዴ?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ታዲያ ደስታ በዚህች ምድር ጓዙን ጠቅልሎ የገባበት ቤት የት አለ? አንዲት ልጃቸው ሀሌሉያ በወባ ታመመች፤ ትኩሳቱ ራሷ ላይ ወጣና ተቀጨችባቸው። ከዚያ ወዲህ አስቻለች ሰው መስላ ትሂድ እንጂ ሰው አልነበረችም። የልጇን ጫማ ታቅፋ ትውላለች፤ በር ከተንኳኳ ትወድቃለች። ያያት ሐኪም ባሏን ለብቻው ጠርቶ፣ "እንግዲህ ይህች ሴት ሌላ ድንጋጤ አትችልም፤ ተጠንቀቅላት" አለው። ወንድይፍራው ራሱን ነቀነቀ፤ ሐዘኑንም ዋጥ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ።

ጊዜ ሲያልፍ አስቻለች ቀና ማለት ጀመረች። ቀና ባለችበት ወቅት ግን ባሏ ተለውጦ አገኘችው። መጀመሪያ የተለወጠው ትሪው ላይ ነው። "ከመንገድ በልቻለሁ" ይላል። ዛሬ በልቻለሁ፣ ነገም በልቻለሁ... ማጎረሱማ ከነጭራሹ ቀረ። ሰው ሲጨብጠው "እጄ ቅባት ነው" ብሎ የእጁን አንጓ ይሰጣል፤ እሷ ግን እጁ ንጹሕ መሆኑን ታያለች። አርባ ምንጭ ካለችው እህቱ ከከበቡሽ ጋር ስልክ ሲያወራ ወደ ጓሮ ይወጣል። አንድ ቀን ከግድግዳው ጀርባ ሆና ሰማችው፤ "እሷ እንዳትሰማ፣ ከቡ፤ አደራሽን!"

እሷ ማለት ማን ናት? ሚስቱ አይደለችም? ምን እንዳትሰማ? ከማን እጅ በልቶ ነው የሷ ወጥ የጎፈነነው? ጥርጣሬ እንደ ምስጥ ነው፤ ምሰሶው ከውጭ ደህና መስሎ ቆሞ ሳለ ውስጡን ይጨርሰዋል። አስቻለች ሸሚዙን ማሽተት፣ ኪሱን መፈተሽ ጀመረች። ምንም አጣች። ምንም ማጣቷ ደግሞ ይበልጥ አቃጠላት፤ እንዲህ አጥርቶ የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነዋ!

በዚህ መሃል ወንድይፍራው አርባ ምንጭ ሰንብቶ ሲመለስ የሞተሩ መሪ ሌላ ሆኖ መጣ። ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ "አርጅቶ የለ? አሻሻልኩት" አለና ዓይኑን ሰበረ። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በጆንያ ጠቅልሎ ጓዳ አስቀመጣቸው። እሑድ እሱ ቅዳሴ ሲሄድ፣ ማዶ ጋራዥ ያለውን መካኒክ አሌክስን ጠራችው። አሌክስ መሪውን ጨበጥ ለቀቅ አድርጎ አየና ሳቁን ለቀቀው።

"እትዬ፣ ይሄን ማነው የሚነዳው?"

"ጋሼህ ነዋ።"

"ኧረ ይተዉኝ! ይዩት እስቲ። የእግሩ ፍሬን ድሮ ሞቷል፤ የእጁን አስጠግተው፣ በአንድ ጣት የሚያዝ አድርገውታል። ነዳጁም እንደ ድሮው በመዳፍ አይጠመዘዝም፤ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይሄዳል። ይሄ'ኮ ለሴት እጅ የተሠራ ነው! ጋሼ ወንዴ ሴት ሞተር ማስተማር ጀመሩ እንዴ?"

አስቻለችም አብራ ሳቀች። የሴት እጅ! ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ቀለበት ያደረገ እጅ ቱርሚ አሸዋ ላይ የባሏን አባት ሞተር ሲነዳ፣ ባሏም ከኋላ የዚያችን ሴት ወገብ ይዞ ሲስቅ ታያት። ጓዳ ገባች፤ ጆንያውን አምጥታ ከአሌክስ እግር ሥር ወረወረችው።

"እንደ ድሮው መልሰው።"

"አዲሱ'ኮ ይሻላል፣ እትዬ።"

"እሱ ራሱ ነው የላከኝ። መልስ ብሎሃል፣ መልስ!"

አሌክስም ባለቤቱ ካለ ብሎ መለሰው።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ሲቀላ ከዲመካ ስልክ ተደወለ፤ ከብት እያለቀ ነው፣ ድረስልን የሚል። ወንድይፍራው መድኃኒቱን ጭኖ መሪውን ጨበጠ። ቆመ። ግራ እጁን በቀኝ እጁ ላይ ደርቦ ፍሬኑን ጎተተው፤ ግንባሩን አላበው። አስቻለች ደጃፍ ላይ ቆማ ታየዋለች። የተያዘ ሌባ መሰላት!

"አስቹ... ማነው የነካው?"

"የማን እጅ እንዲመቸው ኖሯል ያሠራኸው?"

ስልኩ እንደገና ጮኸ። "ማታ ቁጭ ብለን እናወራለን" አለ ድምፁ ተሰብሮ። "ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ ለአንቺው ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ? ከሆነማ እዚያው ቅር! አትመለስ!"

አምላኬ ሆይ፣ ምነው ያቺን ቃል ከአፏ ሳትወጣ በያዝካት!

ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የፍየል መንጋ መንገድ እየተሻገረ ነበር። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር እንደተናገረው፣ ሞተሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ሰውየው በሁለት እጁ አንዱን እጀታ ይዞ ሲታገል ታየ፤ ከዚያ ገደሉ ዋጠው። ሆስፒታል ያደረሱት ትንፋሹ ካለፈ በኋላ ነው። አስቻለች ነጠላዋን እየጎተተች ስትደርስ፣ ፊቱን ሸፍነውት ነበር።

ድንኳን ተተከለ። ከበቡሽ ከአርባ ምንጭ እየጮኸች ደረሰች። አጥሩ ሥር የተጋደመውን ሞተር ስታይ ግን ለቅሶዋ ቀጥ አለ። መሪውን በእጇ ዳሰሰችው።

"ይሄ አይደለም! እኔ ቆሜ ያሠራሁት ይሄ አይደለም! የወንድሜ ቀኝ እጅ'ኮ ሞቷል! ጅማቱ እየደረቀ፣ ጉርሻ መጠቅለል አቅቶት፣ ተደብቆ በማንኪያ የሚበላ ሰው ነበር። ሚስቴ ከሰማች ትሞትብኛለች ብሎ፣ ለዚያ በድን እጁ እንዲቀለው ነው ያሠራው! ማነው የመለሰው? ማነው ወንድሜን የገደለው?"

አስቻለች ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ትሪው... በልቻለሁ... እጄ ቅባት ነው... ሁሉም ነገር እንደ ናዳ በላይዋ ወረደ።

ለለቅሶተኛ ውኃ የሚያድለው አሌክስ ጆጉን አስቀምጦ፣ "እኔ ነኝ የመለስኩት" አለ። ከበቡሽ ኮሌታውን አነቀችው። "ነፍሰ ገዳይ! ማን መልስ አለህ?"

"ራሳቸው ጋሼ ናቸው! እግዚአብሔር ያውቃል፣ ራሳቸው ልከውብኝ ነው!"

"ውሸታም! እጁን እያወቀ?"

አሌክስ እየተንቀጠቀጠ ወደ አስቻለች ዞረ። "እትዬ አስቻለች፣ እስቲ ይንገሯቸው። ልከዎት አልነበር?"

አስቻለች አንድ ጊዜ ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃት ነበር፤ ሟች አይመሰክርም። ልጇ የለች፣ ባሏ የለ፤ የቀራት አንድ ስሟ ነው። ያንንም ይዛ ተነሳች።

"አልላከኝም። ልጁን ልቀቂው፣ ከበቡሽ። ዋሽቼው ነው። ሌላ ሴት ያዘ ብዬ... እኔ ነኝ ያስመለስኩት።"

አሌክስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከበቡሽ እጇን ለጥፊ አነሳች፤ የተነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ፣ ከዚያ በአስቻለች አንገት ላይ ወደቀ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ወደቁ።

"ለምን አልጠየቅሽኝም፣ እቴ? ለምን?"

"እናንተስ ለምን አልነገራችሁኝም?"

ወንድይፍራው አፈር ለብሷል። ሰው ዕድል ነው፣ የተጻፈ ነው ይላል፤ ይሁን። የተጻፈውን የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ነው። ግን እሱ ለፍቅር ብሎ ዝም አለ፤ እሷም ለፍቅር ብላ ተጠራጠረች፤ በሁለት ፍቅር መካከል አንድ ሰው ሞተ። ለዚህ ምን ይባላል? ማልቀስ ነው እንጂ...