ሰባት ቀን ማንም ካልጮኸ

ካላመናችሁ ዝለሉት፤ አልለምናችሁም። የደረሰብኝ ግን እውነት ነው። ሌሊት አይደለም፣ መቃብር ቦታም አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ መብራቱ ቦግ ባለ ቢሮ ውስጥ ነው።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ቀርቶኛል።

የምሠራው ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የመስታወት ግድግዳ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ በረድፍ የቆሙ ሰርቨሮች አሉ። በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ በእጅ የማይነኩ ብዙ ማሽኖች ይሠራሉ፤ እነሱም በእጅ የማይነካ የራሳቸው ዲስክ አላቸው። ቨርቹዋል ዲስክ እንለዋለን። አንዳንዴ ማሽኑ ይጠፋና ዲስኩ ይቀራል። ባለቤት አልባ ሆኖ ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

እነዚህን እየፈለጉ ማጥፋት አንድ ክፍል አብሮኝ የሚሠራው የኮስታራው ሥራ ነበር። ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የያንዳንዱን ዲስክ ባለቤት በደብተር እየጻፈ፣ ከማጥፋቱ በፊት እየደወለ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው። እኔ ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ስጽፍ፣ ስብሰባ መሀል ብድግ ብሎ፣ ፕሮግራሜ ሰው የማያውቅ ዘበኛ ነው አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አንጀቴ ግን አረረ።

የፕሮግራሙ አሠራር ቀላል ነው። ባለቤት ያልተጻፈበት ዲስክ ሲያገኝ ይነቅለዋል፤ ከዚያ ሰባት ቀን ይጠብቃል። በሙያችን የተለመደ ነው፤ የጩኸት ፈተና እንለዋለን። ዲስኩን የሚፈልግ ሰው ካለ የት ሄደ ብሎ ይጮሃል። ለዚህም ስክሪኑ ላይ አንዲት ሳጥን አለች። ማንም ሰው አንድ ቃል ከጻፈባት ስረዛው ይቆማል።

እስከ ሰባተኛው ቀን አራት ሰዓት ድረስ የጮኸ ከሌለ ግን... ይሰረዛል።

ኮስታራው ለዓይኑ ሕክምና ፈቃድ ወጣ። በወጣ ማግስት በሠራተኛ ቁጥሩ የተመዘገበውን የሱን ዲስክ ከፈትኩና ባለቤት ከሚለው ቦታ ላይ ስሙን አጠፋሁ።

ይጩህ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ተመልሶ በሰው ፊት ሲንጨረጨር ላየው ፈልጌ ነበር።

አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ወንበሩ የለም። ለጥገና ወስደውት ይሆናል አልኩ።

በአራተኛው ቀን ደብተሩን ገለጥኩት... ባዶ ነው። ሁሉም ገጽ ባዶ ነው። በጣቴ ስዳብሰው ግን የእስክሪብቶው ጫና ወረቀቱ ላይ አለ።

ኃላፊያችን ጋ ሄጄ ሰውየው መቼ እንደሚመለስ ጠየቅኳት።

"ማን?" አለች።

"ጋሼ ነዋ... አብሮኝ የሚሠራው።"

"እዚያ ክፍል ውስጥ ካንተ በቀር ሰው ኖሮ ያውቃል እንዴ?"

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አትቀልድም።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ሳጥኗ ክፍት ነበረች፤ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። አንድ ቃል ብጽፍ ይበቃል። ግን ከጻፍኩ ስሙን ያጠፋሁት እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር... ክፍሉ ያለ እሱ ተመችቶኝ ነበር።

ዝም አልኩ።

በሰባተኛው ቀን፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ጩኸት የለም። ተሰርዟል።

ወዲያው ከሥሩ ሌላ መስመር መጣ። የእኔ የሠራተኛ ቁጥር ነው። ባለቤት የሚለው ቦታ ባዶ። የቀረው ጊዜ፣ ሰባት ቀን።

ስሜን ጻፍኩ። ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ... ጠፋ። ሳጥኗ ላይ የምጽፈውም አይቀመጥም። ፕሮግራሙን ላቁም ስል፣ ማቆም የሚችለው በስም የተመዘገበው የፕሮግራሙ ባለቤት ብቻ ነው አለኝ። ይህን ደንብ ያስገባሁት ራሴ ነኝ፤ ኮስታራው እንዳይነካካብኝ ብዬ።

በማግስቱ ዘበኛው መታወቂያዬን አገላብጦ አየና የማንን ይዤ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ፎቶው ላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። እንደምንም ሾልኬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም፤ ከወጣሁ የሚያስገባኝ የለም።

ኃላፊዋ ጠረጴዛዬ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ አምጥታ ደረደረች። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ትናንት ለታላቅ እህቴ ደወልኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት።

"እትዬ... እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ወንድምሽ። ቢሮ ደውለሽ የት ሄደ በያቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክሽ።"

ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ይቅርታ..." አለች በሹክሹክታ። "ተሳስተው ነው የደወሉት። እኔ ወንድም የለኝም።"

አንቱ አለችኝ። ጡጦ አጥብታ ያሳደገችኝ እህቴ አንቱ አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ስሜን የማልነግራችሁ ደብቄ አይደለም። እዚህ ጽሑፍ ላይ ሦስቴ ጽፌዋለሁ...

አሁን ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ቀና ስል ከመስታወቱ ወዲያ፣ በሰርቨሮቹ መሀል ኮስታራው ቆሟል። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። አፉ እስከ ጉሮሮው ተከፍቷል፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል... ድምፅ ግን የለም። ስንት ቀን እንዲህ ሲጮህ እንደቆየ አላውቅም።

ተነስቼ መስታወቱን ደበደብኩ።

ዞረ። አየኝ። አወቀኝ። የሚያውቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው የቀረው።

"ጋሼ..." አልኩት። "ስለኔ ጩህልኝ።"

በአንድ ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ።

ከዚያ ቀስ ብሎ አፉን ዘጋ... ፈቀቅ አለና፣ ከጎኑ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀ።