የጃፓኑ ጊታር ሦስተኛ ክር

እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያወራ ትዕግሥት የለኝም፣ እናቴም ትሁን ጓደኛዬ «እስቲ ተዪኝ» ብዬ ነው የምነሳው፣ ምክንያቱም እንጀራዬ ከሽቦ ነው፣ ሳን ሆዜ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እበይዳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጋራዤ ውስጥ ጊታር እጠግናለሁ፣ አንድ ነገር ከጮኸ የሚያስጮኸው አለ፣ ፈልጎ ማግኘት ነው፣ አለቀ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የቀረውን ስትሰሙ «ይቺማ ድሮም እንዲህ ናት» እንዳትሉኝ ነው።

ጊታሩን ያመጡልኝ ጋሼ አስራት ናቸው። ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፣ ለትምህርት የመጡት አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል ነው፣ ቁጥብ ሰው፣ ከረባታቸው ቅዳሜ እንኳ አይወልቅም። ካምቤል ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሞቶ ልጆቹ ዕቃውን ደጅ አውጥተው ሲሸጡ በመኪና ሲያልፉ አይተው ነው የገዙት፣ ልጆቹም አባታቸው ከየት እንዳገኘው አያውቁም። ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙትና እጃቸውን ሳያነሱ፣ «ሰብልዬ፣ የወንድሜ የተፈሪ መሆን አለመሆኑን ቼክ አድርጊልኝ» አሉኝ።

ተፈሪ ታናሻቸው ነው፣ አዲስ አበባ አንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር፣ በዚያ ክፉ ዘመን ጊታሩን አዝሎ በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ፣ ደረሰ ያለ የለም፣ ሞተ ያለም የለም። መርዶ ሳይመጣ ለቅሶ አልቀመጥም ያሉት እናታቸው እንደጠበቁ አረፉ፣ እህቶቹም አለቁ፣ የቀሩት ጋሼ አስራት ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ልባቸውን ኦፕሬሽን ሊደረጉ አሥር ቀን ቀርቷቸው ነበር።

«የሱ ከሆነ እዚህ አገር ደርሷል ማለት ነው፣ እፈልገዋለሁ» አሉኝ። «ካልሆነ ሰርጀሪው ሳይደርስ ቄስ ጠርቼ እርሜን አወጣለሁ። እኔም ከሄድኩ የሚያለቅስለት የለም።»

እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ተቀብዬ አላውቅም፣ እምቢ ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም።

«የተፈሪ አሜሪካን ሥሪት ነበር» አሉ። የዚህም ራሱ ላይ፣ ክሮቹ የሚወጠሩበት ጫፍ ላይ፣ ሁሉም የሚያውቀው የአሜሪካ ስም ተጽፏል፣ እኔ ግን ገልብጬ ሳየው አንገቱ በአራት ብሎን ታስሯል፣ የኦሪጂናሉ አንገት በሙጫ ነው የሚያያዘው፣ ብሎኑን ስፈታ ደግሞ እንጨቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የጃፓን ፊደል አገኘሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ኮፒ ነው፣ ጃፓን ነው የተሠራው» ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ኮፒ ስል ግን ማጣጣሌ አልነበረም፣ አንገቱ ከስንት ዘመን በኋላ አልተጣመመም፣ እንጨቱ የተገጣጠመበት ቦታ ምላጭ አያስገባም፣ የሠራው ሰው ማንም የማያየውን ቦታ እንኳ አለስልሶታል፣ ከዋናው ጎን አስቀምጠው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ ቢሏችሁ ብዙዎቻችሁ ትሸወዳላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው፣ አንዱ ፋብሪካ ያንኑ ጊታር በብዙ ስም እየለጠፈ ይልክ ነበር፣ ይሄኛው ደግሞ መለያ ቁጥር የለውም፣ ስለዚህ የት ተሽጦ ማን እጅ እንደገባ ማወቂያ የለም።

ከዚያ የአሜሪካኑን ስም በመብራት ጠጋ ብዬ ሳየው ሥሩ ሌላ ስም ተፍቆ ኖሯል። የድሮ ሙዚቀኞች ይህን ያደርጉ እንደነበር ሰምቻለሁ፣ የጃፓኑን ስም ፍቀው የአሜሪካ ይለጥፉበታል፣ መድረክ ላይ ክብር ነዋ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አስራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ያ ቀጣፊ! አሜሪካን ነው ብሎ ምሎልኝ ነበር እኮ!»

ራሱ ላይ የሲጃራ ጠባሳም አለ፣ «እዚህ ጋ ይሰካት ነበር» አሉኝ፣ ግን የዚያ ዘመን ጊታር ተጫዋች ግማሹ ሲጃራውን እዚያው ነበር የሚሰካው፣ እና ምን ልበላቸው? ክር ቀይሬ እሑድ አመጣለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀትር ላይ ነው፣ የጋራዡ በር ተከፍቶ ፀሐይ ገብቷል። ስድስቱንም ክር አሰርኩ፣ ቃኘሁ፣ ምሳዬን በልቼ ስመለስ ሦስተኛው ክር አንድ ድምፅ ከፍ ብሏል። አዲስ ክር ቢላላ አይገርምም፣ ሁሌም ይላላል፣ በራሱ ተወጥሮ አንድ ሙሉ ድምፅ የሚወጣ ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ መለስኩት፣ እጄን ታጥቤ መጣሁ፣ ከፍ ብሏል። ሦስተኛ ጊዜ መለስኩትና ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ ስልኬን እንኳ አልነካሁም፣ ከቆይታ በኋላ አንድ ደረቅ ሲጢጥታ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ የክሩ መወጠሪያ ቁልፍ ዓይኔ እያየ ትንሽ ዞሮ ቆመ። ማንም አልነበረም። አላፍርም፣ ፈራሁ።

እሑድ መልሼ ቃኝቼ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌ ኦክላንድ ወሰድኩት፣ ለጋሼ አስራት ትንፍሽ አላልኩም። ሳጥኑን ከፍቼ ሳወጣው፣ «የተፈሪ አመል ትዝ አለኝ» አሉ፣ «ሦስተኛዋን ክር አንድ ድምፅ ከፍ ያደርጋት ነበር፣ የባንዱ አለቃ በጠበጥከን እያለ ይጮህበታል፣ እሱ ግን ወይ ፍንክች! እስቲ እንደሱ አድርጊልኝ።»

ክሩን ነካሁት። ከፍ ብሎ ነበር።

ያን ጊዜ አልቻልኩም፣ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ስል መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሰብልዬ፣ እንዲህ የሚያደርገው ያለ ሰው ነው ወይስ የሞተ?» ብለው ጠየቁኝ። ቄሱን ሳይጠሩ ሆስፒታል ገቡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ወጡ፣ ጊታሩን ግን «ጆሮዬ ቅኝት አይለይም፣ አንቺ ተከታተዪልኝ» ብለው እኔው ዘንድ ተዉት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮል ያደርጉልኛል። «ዛሬስ?» ይላሉ። «ከፍ ብሏል» እላለሁ። «እንግዲያው አለ» ይላሉ፣ ፍለጋቸውንም ይቀጥላሉ።

አሁን ግን ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ክሩ ከፍ ማለቱን ትቷል፣ እንደቃኘሁት እዛው ነው። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፣ እሳቸው ግን ምን ብለው እንደሚተረጉሙት አውቃለሁ፣ ያንን መርዶ የማረዳው እኔ ልሆን? ሁለቱን ቅዳሜ ዋሸኋቸው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ውሸት እንዳይሆንብኝ ከመደወላቸው በፊት በገዛ እጄ ከፍ ላደርገው ቁልፉን ያዝኩ፣ ጥር ነው፣ ጋራዡ ማሞቂያ የለውም፣ ጊታሩ ሁሉ በረዶ ሆኗል፣ የቀሩት አምስት ቁልፎች ቀዝቅዘዋል፣ ያ አንዱ ቁልፍ ግን፣ ገና ሳላዞረው፣ ሰው አሁን እንደለቀቀው ይሞቅ ነበር። እጄን ሳላነሳ ስልኩ ጮኸ።

«ዛሬስ?» አሉኝ ጋሼ አስራት።