ለዓሣዎቹ የሚበራው መብራት

ደግፌ ከምሳ በኋላ የአኳሪየሙን መብራት ሳያበራ ሶፋው ላይ አይቀመጥም። መጀመሪያ መጋረጃውን ይስባል፣ ቀጥሎ ክዳኑ ሥር ያለችውን ማብሪያ ጠቅ ያደርጋታል፤ ያኔ ውሃው ወርቅ ይመስላል፣ ቀያዮቹ ዓሣዎች ከድንጋዩ ሥር ብቅ ብቅ ይላሉ፣ አየር የሚነፋው ሞተርም ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሳሎኑን ይሞላዋል። ማታ ሊተኙ ሲሉ የሳሎኑን አምፖል አስቀድሞ፣ የዓሣዎቹን አስከትሎ ያጠፋና በሩን ይዘጋል። አስካለ ተድራ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ይህን አንድም ቀን አዛብቶ አያውቅም።

«መብራት ሲበዛባቸው መስታወቱ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ሲያንሳቸው ደግሞ ቀለማቸው ይለቃል» ይላታል።

«የእኔስ ቀለም?» ትለዋለች።

ይስቃል።

ዓሣዎቹ የሰናይት ነበሩ። ሰናይት የፊተኛዋ ሚስቱ ነች፤ ታማ፣ አልጋዋን ሳሎን አስወጥታ፣ ዓይኗን መስታወቱ ላይ እንደተከለች ነው ያረፈችው። ይህን ለአስካለ የነገረቻት ጎረቤቷ ሙላቷ እንጂ ደግፌ አይደለም። ደግፌ የሰናይትን ስም አያነሳም፣ ፎቶዋንም ከቤት አስወጥቷል። ለአስካለ ፎቶው ቤት ቢቀር ይሻላት ነበር፤ ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል፣ ዓሣ ምን ይደረጋል?

የመቀመጫው ነገርም አለ። ደግፌ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ የአስካለ ወንበር ግን ከቡፌው ጀርባ፣ ወደ ጓዳ መግቢያው ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ልትቀመጥ ስትል ክንዷን ይዞ አስነሳት፤ በቀስታ ነው፣ ግን አስነሳት። መብራት የሄደ ማታማ ይብሳል። ቻርጅ የሚደረገውን መብራት፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን አንድያውን፣ አንስቶ አኳሪየሙ ክዳን ላይ ያጋድመዋል፤ አስካለ ወጧን በዳበሳ ታወጣለች፣ በዳበሳ ትጎርሳለች፣ የባሏን ጀርባ እያየች።

«ለሞተችው መብራት ይበራላታል፣ አንቺ በጨለማ ትዳብሻለሽ» አለቻት ሙላቷ በአጥሩ በኩል። «እኔ ብሆን ጠብሼ ነበር የማበላው።»

«አርፈሽ ልብስሽን አስጪ» አለች አስካለ። ነገሩ ግን ሆዷ ገባ።

ደግፌ አሰላ ለቅሶ ሊሄድ ሲነሳ በሩ ላይ ቆሞ፣ «መብራቱን አደራ። ከጠፋ ሳሎን እንዳትገቢ፤ ነገ አመሻሽ እመጣለሁ» አላት። እሷን ደህና ሰንብቺ አላላትም፣ ወይም ብሏት ከሆነ አልሰማችውም።

አስካለ እልኸኛ ነች። ባሏ ከግቢው እንደወጣ የዓሣዎቹን መብራት ከሶኬቱ ነቀለችው። የሳሎኑን አምፖሎች ሁሉ አበራች፣ የሠርጓን ቀሚስ ለበሰች፣ ሶፋው መሀል ተንሰራፍታ ተቀመጠች። ምንም አልሆነም። ውሃው ጠቆረ፣ ዓሣዎቹ ወደ አንድ ጥግ ተጠጋግተው ቆሙ፣ ያ ብቻ ነው። ደስ አላት።

በማግስቱ ስትገባ ዓሣዎቹ የታጠበ ጨርቅ መስለው ነጥተዋል። እንዲህ በአንድ ቀን ይነጣሉ ብላ አላሰበችም፤ ቢሆንም ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ እንደ ወትሮው ቡልቅ ቡልቅ አይልም፤ ሳብ ያደርግና ዝም ይላል፣ ደግሞ በስንት ጣር ሳብ ያደርጋል፣ ደረቱን የታመመ ሰው እንደሚተነፍሰው። ሽታም አለ። መጀመሪያ የቆመ ውሃ ሽታ መሰላት፤ ቆይቶ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር መጣ፣ መስኮቱ ተዘግቶ የከረመ የበሽተኛ ክፍል፣ የላብ፣ የመድኃኒትና ያልተቀየረ አንሶላ ሽታ።

ከውሃው በላይ ባለው መስታወት ላይ፣ በአስካለ ፊት ትክክል፣ ትንሽ ጉም ተቀምጧል። ሞተሩ ዝም ሲል ይጠባል፣ ሲተነፍስ ይሰፋል። ተነስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አልለቀቀም። ደግማ አሸችው፤ መስታወቱ ከእሷ በኩል ደረቅ ነው። ገና እጇን ሳታነሳ፣ ጉሙ ከዚያኛው ወገን በመዳፍ ስፋት ልክ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አንዴ ተጠረገ።

ሌላ ሴት ብትሆን ሮጣ ሙላቷ ቤት ትገባ ነበር። አስካለ ግን ወደ ኋላዋ ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰች።

«እዪኝ» አለች። «ሚስቱ እኔ ነኝ። ቦታውም የእኔ ነው፣ እሱም የእኔ ነው።»

ሞተሩ ቀጥ አለ።

ደግፌ አመሻሽ ላይ ሲገባ ከአምፖሎቹ ድምቀት ዓይኑን ጨፈን አደረገ፤ ከዚያ የጠቆረውን ውሃ አየና ቦርሳው ከእጁ ወደቀ።

«አጥፍተሽዋል።»

«አጥፍቼዋለሁ። ለእሷ ስታበራላት ኖርክ፣ በቃህ።»

«ለእሷ?» አለ። «አስኩዬ፣ የማበራው እኮ እንዳታይሽ ነው። ብርሃን ውስጥ ያለ ሰው ጨለማ ውስጥ ያለውን አያይም። ገና እዚህ አልጋ ላይ ሳለች፣ ሌላ ሴት ባጠገብህ አላይም ብላኛለች። እኔ ስደብቅሽ ነው የኖርኩት።»

አስካለ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጨለማ፣ ያ ሁሉ ዳበሳ ለእሷ ሲባል ነበር፤ ይህ ሰው ለካ ይወዳታል። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ደግፌ መብራቱን ሶኬት ላይ ሰካው። ውሃው በራ። ጎንበስ ብሎ ከድንጋዩ ሥር፣ ከጥጎቹ፣ ከነጡት ዓሣዎች ጀርባ ፈለገ፤ ደግሞ ፈለገ።

«የለችም» አለ።

አስካለ ይህንንም ልብ አላለችውም፤ ደስታዋ አልችል ብሏት ሶፋው ላይ ፈቀቅ አለችና ለባሏ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት፣ ደግፌም ገና ከመስታወቱ ፊት እንዳጎነበሰ፣ የለቀቀችው ቦታ ሰው እንደሚቀመጥበት ሆኖ ቀስ ብሎ ሰመጠ።