የጎባጣው ሙቀት

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም። በሕልሜም አላየሁትም።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቴ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን እስከ ግማሽ ድረስ ይዛዋለች። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም። በር በራሱ ጊዜ አልተከፈተም።

ጨለማ ከሌለበት አልፈራም የምትሉ ካላችሁ እዚህ ላይ ማንበብ አቁሙ። ከእናንተ ጋር የምከራከርበት ጉልበት ዛሬ የለኝም።

ይህን ስል የሚያውቁኝ ይደነግጣሉ። መከራከር ሥራዬ ነው። ጋዜጣ ላይ አምድ አለኝ። ባለሥልጣን፣ ነጋዴ፣ ዳኛ፣ የቀድሞ አስተማሪዬን ሳይቀር... በብዕሬ ያልነካሁት የለም። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ "ተሳስቻለሁ" ብዬ አልጻፍኩም።

ባለፈው ወር ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለካና መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ደግሞ ለካኝ።

"የማትጣላበት ነገር ፈልግ" አለኝ።

"ለምሳሌ ምን?"

"አየህ፣ አሁን ራሱ እየተጣላኸኝ ነው።"

ቤት ገብቼ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ካርቶን አወረድኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው፣ ልጆች ሆነን እኔና ታላቅ ወንድሜ የምንጫወተው ጨዋታ ነው። የግዙፍ ሮቦቶች ጦርነት። ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይዘረጋል፤ ካርታው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። አውራ ጣት የምታክል የብረት ምስል፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የሚያህል ሮቦት ናት ተብላ ትቆማለች። ሁለት ዳይስ ትጥላለህ፤ ትራመዳለህ፤ ትተኩሳለህ።

እያንዳንዱ ሮቦት የራሱ ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ ሰውነቱ ተሥሏል፤ ፊቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ ሁሉም በትንንሽ ክቦች የተሞላ። ስትመታ፣ የተመታህበት ቦታ ላይ ያሉትን ክቦች በእርሳስ ታጠቁራለህ።

ከጎኑ ደግሞ የሙቀት መሰላል አለ። ከዜሮ እስከ ሠላሳ። በተኮስክ ቁጥር ትግላለህ። ዝም ካልክ ትበርዳለህ።

ሠላሳ ከደረስክ ማሽኑ ቀጥ ይላል። አለቀ።

ወንድሜ መሰላሉ ላይ ሙቀቱን የሚያመለክተው ከእናታችን ካፖርት ላይ በወደቀ ቀይ ቁልፍ ነበር። የእሱ ሮቦት ትከሻው ጎብጦ ስለተቀረጸ "ጎባጣው" እንለዋለን። የእኔን ስም ያወጣው እሱ ነው። "ለፍላፊው" አለው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከወንድሜ ጋር ከተነጋገርን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር።

እሱ በያጅ ነው። አውቶቡስ የሚገጣጠምበት ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። የአንድ አውቶቡስ ወለል መንገድ ላይ ተገንጥሎ ሰዎች ሲጎዱ እኔ በአምዴ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። "ተኝቶ የበየደ በያጅ" አልኩ። ያንን ወለል የበየደው ማን እንደሆነ ጋራዡ በሙሉ ያውቃል። በሳምንቱ አባረሩት።

ከአንድ ወር በኋላ ብረቱ ራሱ የበሰበሰ እንደነበር በማስረጃ አወቅኩ። ማስረጃው መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ማስተካከያ አልጻፍኩም።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ብቻዬን ካርታውን ዘረጋሁ። ሁለቱን ሮቦቶች ፊት ለፊት አቆምኩ። ለራሴም ለእሱም እኔው እጫወታለሁ ብዬ። አንድ ዙር ተኳኮስን፤ ሁለታችንም ሳትን። የጎባጣው ሙቀት አራት ላይ ነበር።

ውኃ ልጠጣ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ስመለስ ቀዩ ቁልፍ ዘጠኝ ላይ ነው።

ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች።

"ጠረጴዛውን ነክተሻል?"

"ያንን አቧራ? ምን በወጣኝ።"

"ቁልፉ ተንቀሳቅሷል።"

"አንተ እንኳ ከሰው ጋር ትጣላለህ። አሁን ደግሞ ከቁልፍ ጋር ጀመርክ?"

ሳቅኩ። የተሳሳትኩት እኔ መሆን አለብኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወረቀቴን አየሁ...

አራት ክቦች ጠቁረዋል። እኔ ክብ ሳጠቁር ጫር ጫር አድርጌ አልፋለሁ። እነዚህ ግን ወረቀቱ እስኪያበራ ድረስ ተረግጠው፣ ጥግ ሳይቀር ተሞልተዋል።

እንደዚያ የሚሞላ አንድ ሰው ነው የማውቀው።

ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ሚስት ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጥሯን ስልኬ ላይ አይቼው አላውቅም።

"ፈልጌህ አይደለም የደወልኩት" አለች። "ስለሚጠራህ ነው።"

"ማን?"

"ወንድምህ ሆስፒታል ነው። ከቅድም ጀምሮ ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል። ራሱን አያውቅም... ቁጥር ይቆጥራል።"

"የምን ቁጥር?"

"እኔ ምን አውቄ። አሁን 'አሥራ አንድ' አለ።"

ዳይሶቹን አየሁ። ሁለትና ሦስት ላይ ትቻቸው ነበር።

ስድስት። አምስት።

ቀዩ ቁልፍ አሥራ አምስት ላይ ነው።

ሲንቀሳቀስ አላየሁትም። ዓይኔን ለአፍታ አንስቼ ስመልስ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ያ ብቻ ነው።

"ትኩሳቱ ስንት ነው?" አልኩ።

"ሠላሳ ዘጠኝ... ቆይ፣ ነርሷ እያየች ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። 'ለፍላፊው አይነቃነቅም' ይላል። ማን ነው ለፍላፊው?"

ወረቀቴን እያየሁ ነበር። አራቱ ክቦች ሰባት ሆነዋል። ሰባቱም ያሉት በጀርባዬ ሥዕል ላይ ነው።

ጎባጣው የቆመው ከፊቴ ነው። ከፊት የሚተኩስ ጀርባ አይመታም፤ ሕጉ አይፈቅድም።

እና እኔ ምን አሰብኩ? ልንገራችሁ፣ እፍረቱ የእኔ ነው። "ያጭበረብራል" አልኩ። ወንድሜ በትኩሳት እየነደደ እኔ ስለ ሕጉ ተናደድኩ። ደሜ ወደ ጆሮዬ ወጣ። ዳይሶቹን አንስቼ ያለኝን መሣሪያ ሁሉ ጎባጣው ላይ ተኮስኩ።

አሥር ወጣ። ቀኝ ክንዱን መታሁት። ክቦቹን በሙሉ አጠቆርኩ።

በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ።

"ምን ሆነ?"

"እጁ..." አለች። ድምፅዋ ተቆራረጠ። "ቀኝ እጁ ከአልጋው ወደቀ። አያነሳውም። ዶክተር... ዶክተር ጥሩልኝ..."

እርሳሱ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ከዚህ በኋላ አልተኮስኩም። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። እኔ ዝም ካልኩ እሱም ዝም ይላል፣ ይበርዳል ብዬ።

አልበረደም።

"ስምንት አለ" አለች በሹክሹክታ።

ዳይሶቹ፦ አምስትና ሦስት። ቁልፉ፦ ሃያ አንድ።

"ዘጠኝ አለ።"

ሃያ አራት።

"አርባ ገባ። በረዶ እያደረጉበት ነው... አንተ ልጅ፣ የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ።"

ቤቱ ውስጥ የብየዳ ሽታ ሸተተኝ። የተቃጠለ ብረት። ባለቤቴም ካውያዋን አንስታ አሸተተችው።

"የሚቃጠል ነገር አለ?" አለች።

"እትዬ" አልኩ በስልኩ፤ "ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።"

"ምን ልትለው?"

"እባክሽ።"

ሲተነፍስ ሰማሁት። አጭር አጭር፣ ደረቅ ትንፋሽ።

"ወንድም ጋሼ" አልኩ። "እኔ ነኝ። ያኔ ያንን ስጽፍ በእጄ የነበረው መረጃ..."

ሃያ ስድስት።

"አይ፣ ስማኝ፤ ማንም ጋዜጠኛ በእኔ ቦታ ቢሆን..."

ሃያ ስምንት።

ራሴን አየሁት። እዚያች ጠረጴዛ ላይ ወንድሜ ሊሞት ሁለት ቁጥር ቀርቶታል፣ እኔ ጥብቅና ቆሜያለሁ። ለራሴ።

"ብየዳህ ደህና ነበር" አልኩ። "ብረቱ ነው የበሰበሰው። በወሩ አውቄያለሁ። ማስረጃው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አውቄ ዝም አልኩ። ሥራህን የነጠቅኩህ እኔ ነኝ።"

ትንፋሹ ቆም አለ።

"መተኮስ ተው" አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። "በእናታችን ተው። ልለምንህ።"

"ገና ነው..." አለ። የራሱ ድምፅ ነው፤ ደክሟል እንጂ አልቃዠም። "ገና አልወደቀም።"

"ይበቃል፣ ወንድም ጋሼ። የፈለግከውን አደርጋለሁ። ተው ብቻ።"

በረጅሙ ተነፈሰ።

"እሺ" አለ። "አንተ ካልክ።"

ቁልፉ ሃያ ዘጠኝ ላይ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። ደግሜ ስጨፍን ዘጠኝ።

"አላበው" አለች ሚስቱ። "አላበው... ትኩሳቱ እየወረደ ነው።"

ባለቤቴ መጥታ አቀፈችኝ። ጠረጴዛውን እንዳለ ትተን፣ በሩን ቆልፈን ወደ ሆስፒታል ወጣን። ያንን ሌሊት አልጋው አጠገብ ነው ያደርነው።

እሁድ ረፋድ ላይ ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። ሁለቱ ሴቶች ሻይ ፍለጋ ወርደዋል። ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጧል። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላገኙትም።

"አርጅተሃል" አለኝ።

"አንተ ምን ሆነሃል፣ ሙሽራ ነህ?"

ፈገግ አለ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው።

"ሰምቼሃለሁ" አለ። "ስለ ብየዳው ያልከውን።"

"በዚህ ሳምንት አወጣዋለሁ። ስሜን ጽፌ፣ ስምህን ጽፌ።"

"ታወጣዋለህ።" ዓይኑን ወደ ጣራው አነሳ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣ።"

"አልቆጣም።"

"ለምን አስቆምከኝ?"

"ልትሞት ነበር እኮ።"

"እኔስ ይሁን... አንተስ?"

ምን እንደሚል አልገባኝም።

"አንተ ላይ አንድም ጊዜ አልተኮስኩም" አለ። "ፊትህ ላይ አንዲት ክብ ጠቁራ አየህ?"

አላየሁም።

"ከኋላህ ሌላ ነገር ነበር። ከካርታው ጫፍ ነው የመጣው። ከእኔም ከአንተም በጣም ይበልጣል። ጀርባህን ሲመታህ እያጠቆርኩ አሳየሁህ። 'ተነቃነቅ' እልሃለሁ፣ አትነቃነቅም። ጭራሽ ወደ እኔ ተኮስክ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"እንጃ። ጨዋታው ውስጥ እንደሱ ያለ የለም።"

ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

"አስቁሜው ነበር። በተኮስኩ ቁጥር ይቆማል። ከዚያ 'ተው' አልከኝ... ተውኩ።"

ከሆስፒታሉ ብቻዬን ነው የተመለስኩት። ባለቤቴ እዚያ ቀርታለች።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይህን የምጽፈው የምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነው። በሩን እኔው በቁልፌ ከፈትኩ፤ ማንም አልገባም።

ካርታው ላይ ዱካ አለ። ወረቀቱ ቤት በቤት እየሰረጎደ፣ ከካርታው ጫፍ ተነስቶ ለፍላፊው የቆመበት ድረስ ይመጣል። ለፍላፊው እንደ ሳንቲም ጠፍጥፏል።

ዱካው እዚያ አላበቃም።

ከካርታው ወጥቶ እንጨቱ ላይ ይቀጥላል። መጀመሪያ የጥፍር ያህል። ቀጥሎ የመዳፍ ያህል። የመጨረሻው፣ እኔ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ገምሶታል።

ጎባጣው ትናንት ከተውኩት ቦታ የለም። ጠርዙ ላይ ነው፤ ከስብራቱ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ቀኝ ክንዱ ወርዷል።

ስልኬ እየጮኸ ነው። የወንድሜ ሚስት ናት። ማንሳት አልቻልኩም።

ምስሉ ወጥ ብረት ነው፤ ክንዱ አይታጠፍም፣ አይነሳም። ግራ ክንዱ ግን ተነስቷል። እኔ ላይ አላነጣጠረም። ከትከሻዬ በላይ፣ ወደ ኋላዬ ከፍ አድርጎ ነው የያዘው... ጫፉ ቀልቷል።