አንድ ሺህ ዛፎች የተስማሙበት ቁጥር

ሥምረት ጠዋት ላቦራቶሪ ገብታ ነጩን ጋዋን ሳትቆልፍ ኮምፒውተሩን ትከፍትና ዛፎቿን ታያለች። ዛፍ የምትለው የዘር ሐረግ ሥዕል ነው፤ ናሙናው ከየትኛው ፍጥረት ጋር እንደሚዛመድ በቅርንጫፍ የሚያሳይ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ ሺህ ዛፍ ይሠራና አብዛኞቹ የተስማሙበትን ብቻ ይዞ አንድ የጋራ ዛፍ ያወጣል። ፕሮግራሙ መዳፊት የማያውቅ ግትር ነገር ነው። ጥቁር ገጽ ላይ ጥያቄ ይደረድራል፣ ለእያንዳንዱም «አዎ» ተብሎ ካልተጻፈለት አይነቃነቅም። ሥምረት ጣቷ እስኪደነዝዝ «አዎ» ስትል ከርማ፣ በመጨረሻ እሷን ተክቶ የሚመልስ ስክሪፕት ጻፈችለትና ተገላገለች።

ናሙናው ግን የዋዛ አልነበረም። አዋሽ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ክረምት ከገባ ወዲህ ስድስት ሰዎች አንገታቸው ተዘንጥሎ ተገኝተዋል። ስድስተኛዋ ልዩወርቅ፣ የሥምረት ታናሽ እህት ናት። ከአገዳው ማሳ ቦይ ውስጥ ሲያወጧት ጉሮሮዋ የለም፤ ከአገጯ በታች እስከ ደረቷ ድረስ የተቦጫጨቀ ሥጋና የተሰነጠቀ አጥንት ብቻ ነበር። ከተማው በአንድ አፍ «ጅብ ነው» አለ። ሥምረት አልተዋጠላትም። ከቁስሉ የሚጠረገው ምራቅ የነካሹን ዘር ስለሚናገር፣ እህቷን የገደለውን ሳታውቅ እንቅልፍ ላትተኛ ማለች።

ምራቁን በጥጥ ጠርጎ የሚያመጣው ጋሼ ደርበው ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራ ቴክኒሻን፣ ከሬሳ ጋር እንኳ ይቅርታ እየጠየቀ የሚሠራ ሰው። የልዩወርቅን ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ አቀበላት።

«ሥምሬ፣ ልጄ፣ ጅብ የሚበላው ሲርበው ነው» አላት። «ይሄ አልራበውም።»

በላቦራቶሪው ደንብ የአምስቱም ሠራተኞች ምራቅ በመዝገብ ተይዟል፤ የአንዳቸው ትንፋሽ ናሙና ላይ ቢያርፍ እንዲታወቅ ነው። ፕሮግራሙ ረጅም ስም ስለሚቆርጥ፣ ስክሪፕቱ በስም ዝርዝራቸው ተራ ለሁሉም ቁጥር እንዲሰጥ አድርጋለች። ኃላፊያቸው ዶክተር ጥላዬ፣ ተቆጥቶ የማያውቅ፣ ከሰው ጋር ምሳ ሲበላም ታይቶ የማያውቅ ሰው፣ ስክሪፕቱን ስትጽፍ ከኋላዋ ቆሞ «ከእኛ ሰው ጎን የወደቀ ናሙና ብክለት ነው፤ ራሱ አውጥቶ ይጣለው፤ አንቺ ምን አደከመሽ?» ብሏት ነበር። ደግ ምክር መሰላትና ጻፈችው።

ከዚያ ወዲህ ዛፎቹ ሁሉ ባዶ ሆኑ። ጅቡ አለ፣ ውሻው አለ፣ ቀበሮው አለ፤ የቁስሉ ምራቅ ያለበት ቅርንጫፍ ግን የለም። ክፍሉም ጠባዩ ተለወጠባት። በአልኮሉ ሽታ ሥር የቆየ ደም የመሰለ ሌላ ሽታ ይመጣል፤ ማቀዝቀዣው ማጓራቱን ባቆመ ቁጥር ደግሞ ከኮሪደሩ በኩል እርጥብ ነገር በቀስታ የሚታኘክበት ድምፅ ትሰማለች። ወጥታ ስታይ ዶክተር ጥላዬ አፉን ገጥሞ ግድግዳውን ተደግፎ ታገኘዋለች። በፈገግታ ራሱን ነቅነቅ አድርጎላት ይሄዳል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት መብራት ጠፋ። በላፕቶፑ ባትሪ፣ በጨለመው ክፍል ውስጥ፣ ስክሪፕቱ የጣለውን ፋይል ከፈተች። ስድስቱም እዚያ ነበሩ። ስድስቱም ከሠራተኛ ቁጥር አራት ጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ሺህ ከአንድ ሺህ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሠራተኞች ዝርዝር ቀና ብላ አየች። አራተኛው ደርበው ነው። ብክለት ነው እንዳትል፣ ሁለቱን ናሙናዎች እሱ ዕረፍት ላይ እያለ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት የወሰደችው። ሥምረት ክው አለች። ቀጥሎ የመጣው ንዴት ግን ዐይኗን ጋረደው።

የሟች ቤተሰቦች ውጤት ሲጠብቁ በር ላይ ይውሉ ነበር። በዝናቡ እየሮጠች ወጥታ «ደርበው ነው! ልጆቻችሁን የበላው ደርበው ነው!» ብላ ጮኸችባቸው። ጋሼ ደርበው የናሙና ሳጥኑን አንግቶ ከሞተር ሳይክሉ መውረዱ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ አፉን አገኘው። ሁለተኛው ቅንድቡን። ከዚያ የአገዳ መቁረጫ ቆንጨራ ወጣ፤ እጁን ሲመክት ጣቶቹ ጭቃው ላይ ረገፉ። በር የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይቀር በርግጫ አገዘ። «ሥምሬ፣ ንገሪያቸው እንጂ» አለ ደርበው በደም በተሞላ አፉ። ሥምረት እጆቿን አጣምራ አየችው። ጭንቅላቱ የደረቀ ቅል ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰምቶ ዝም እስኪል ድረስ አየችው፣ ደስም አላት።

ሕዝቡ ሬሳውን በገመድ እየጎተተ፣ ዘበኛውም ተከትሎት፣ ወደ ከተማው ወረደ። ሥምረት በደም የራሰ ጫማዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። መብራቱ አልመጣም። ሪፖርቱ ላይ በቁጥሩ ፈንታ ስም መግባት ነበረበት። ስለዚህ ስክሪፕቱ ቁጥሮቹን ወደ ስም እንዲመልስ አዘዘችው። ጥያቄውን ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ «አዎ» አለ፣ ስሞቹን ደረደረ። ዜሮ፦ ዘበኛው። አንድ፦ የጽዳት ሠራተኛዋ። ሁለት፦ ሥምረት። ሦስት፦ ደርበው።

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ቀና ብላ የግድግዳውን ዝርዝር እንደገና ቆጠረች። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ከአንድ ይጀምራል፤ ማሽኑ ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ይህን የሙያው ጀማሪ ያውቀዋል፣ እሷም ለስንቱ አስተምራዋለች። በቁጥር አራት የተቀመጠውን አምስተኛውን ስም እያነበበች ሳለ የማኘኩ ድምፅ ከኮሪደሩ ወደ ክፍሉ ገባ፤ የከረመው የደም ሽታ ተከትሎት መጣ፤ ሞቅ ያለ ትንፋሽም ማጅራቷ ላይ አረፈ።

«አይዞሽ ሥምረት» አለ ዶክተር ጥላዬ እንደ ወትሮው ለስለስ ባለ ድምፅ፤ «ከዜሮ እንደሚጀምር ትዝ ይላት ይሆን እያልኩ እኔም ስሰጋ ነበር የከረምኩት።»