ባዶ ቦታ የሌለው የመልስ ወረቀት

መምህር ደምሌ፣ ወገዳ ከተማ ውስጥ በሚኖርበት የትምህርት ቤት ግቢ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ጭንቅላቱን ድንጋይ መትቶት ሞቶ ተገኘ። ዝውውር ደርሶት ሻንጣውን ሸክፎ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሮ አስከሬኑ አጠገብ የሚያለቅስለት አንድ ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እህቱን በስልክ አነጋግሯል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትደውል አላነሳም። ሌሎቹ አሥራ ስምንት መምህራን በዚያ ሰዓት የሙያ ምዘና ልምምድ ፈተና ላይ ነበሩ። ውጭ የነበሩት ዘበኛው ጋሽ ተሻገር ብቻ ናቸውና ተያዙ።

«ሰው አላዩም፣ ጋሼ?» አለቻቸው ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ።

«እኔ የምጠብቀው በሩን ነው፣ ልጄ። የጀርባውን በምን አይቸው? ሚስቴ አልጋ ላይ ናት፤ እኔ ከታሰርኩ ውኃ የሚያቀብላት የለም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጋሽ ተሻገር ግን እስኪጠራ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ማንጠግቦሽ ወደ ፈታኟ፣ ወደ መምህርት ሜሮን ሄደች።

«ከክፍል የወጣ ነበር?»

«አንድም። እኔ ብቻ መመሪያውን እንደነገርኳቸው ትርፍ ወረቀት ላመጣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ወጣ ብዬ ነበር።»

«ስትጀምሩ ቆጥረሻቸዋል?»

«አልቆጠርኩም። የፈረሙት ወረቀት ሲመልሱ ነው።»

ከደምሌ ጋር አንድ ቤት የሚኖረው መምህር ሚሊዮን «ከመጀመሪያው ጀምሮ ክፍል ውስጥ ነበርኩ» አለ። ማንጠግቦሽ የመልስ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከዚያ ሁሉንም በፈተናው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጥያቄው ላይ የታተመው መመሪያ ‹ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም› ይላል። ሜሮን ግን ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ይቀነሳል ብላ በቃል ሽራዋለች። አሥራ ሰባታችሁ ሰምታችሁ ያላወቃችሁትን አለፋችሁ። ከሪም ስድስት ትቷል፤ ሊድያ አሥር። ሚሊዮን ግን ስልሳውንም ጥያቄ አጥቁሯል፤ ሃያ አራቱን ስቷል።»

«ዕድሌን ልሞክር ብዬ ነው» አለ ሚሊዮን።

«ይሁን። ለአንድ ስሕተት ስንት ይቀነሳል አለች?»

«አንድ ነጥብ።»



«ሩብ ነው ያለችው» አለ ከሪም በቀስታ።

«አልሰማሃትም» አለች ማንጠግቦሽ። «ስትናገር ደምሌ ዘንድ ነበርክ። እሷ ወረቀት ልታመጣ ስትወጣ፣ ሌሎቹ አጎንብሰው ሲሠሩ፣ በኋላ በር ገባህ። የታተመውን አመንክና የማታውቀውን በግምት ሞላህ።»

ሚሊዮን ተቀመጠ።

«ልገድለው አልነበረም። አትሂድ ብዬ ያዝኩት፤ ልቀቀኝ አለኝ፤ ገፋሁት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀ። አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል። እኔ ከማን ጋር ልቀር ነው?»

ጋሽ ተሻገር ወዲያው ተፈተው ወደ ሚስታቸው ሮጡ። ማንጠግቦሽ ቃሉን መዝግባ ስትጨርስ ጠየቀችው።

«መታሰርህን የምንነግርልህ ሰው ማን ነው?»



«ደምሌ ነበር» አለ ሚሊዮን።