የተገለበጡት ቀስቶች

የኬሚስትሪ መምህርቷ፣ እንኳን ለቀለም ቀቢ፣ ለማንም ልቧ ይደነግጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ቀለም ቀቢው ልጅ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በክፍሏ ግድግዳ ላይ እንዲስል ሲቀጠር፣ ንድፉን በእጇ ሠርታ ሰጠችው። እሱ ግን ከንድፉ ይልቅ እሷን ያያል።

«ቲቸር፣ ይሄኛው ቀስት ምንድን ነው?»

«የአቶም መጠን ነው። ወደ ታች ስትወርድ ይተልቃል፤ ወደ ቀኝ ስትሄድ ያንሳል።»

«ያኛውስ?»

«አዮናይዜሽን ኢነርጂ። አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። እሱ ተቃራኒው ነው። አቶሙ ሲተልቅ ዳር ያለው ኤሌክትሮን ከኒውክሊየሱ ይርቃል፣ በቀላሉ ይነጠቃል።»

«እኔ ደግሞ ትልቅ ከሆነ አጥብቆ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር።»

ሳቀች። ሳቀ። ከዚያ ተያዩ፤ አለቀላት።

ሥራውን ስትረከብም የፈረመችው ግድግዳውን ሳይሆን እሱን እያየች ነው። ሁለቱን ቀስቶች ገልብጧቸው ኖሯል። በቃሏ ትክክሉን አስተማረች፤ ተማሪ ግን ለፈተና ሲያጠና ግድግዳውን አመነ። ስልሳ ምናምን ልጅ ጥያቄዎቹን ገልብጦ መለሰ።

እነሱ እስከዚያ ለመጋባት ተስማምተዋል። በሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንዲህ ያለ የቀለም ሥራ እንደያዘ አባቷን ሊጠይቅ ነበር።

ርእሰ መምህሩ ሁለቱንም ቢሮ አስጠሯቸው።

«የፈረምሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «የሰጠሽው ንድፍ ትክክል ከነበረ ጥፋቱ የእሱ ነው። ካልሆነ ግን ትሰናበቻለሽ።» ወደ እሱ ዞሩ። «የንድፉ ወረቀት የታለ?»

ወረቀቱ በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። የእጅ ጽሑፏ ስላለበት ከኪሱ አይለየውም፤ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ አውጥቶ አሳይቷታል።

«ጠፍቶብኛል፣ ጋሼ» አለ።

ክው አለች። ኪሱ ውስጥ ነው ማለት ትችል ነበር። ራሱ ያውጣው ብላ ጠበቀች፤ ጠበቀች፤ እሱ ጫማውን ያያል። ርእሰ መምህሩ የስንብት ደብዳቤዋን ፈረሙ።

መጻሕፍቷን ሰብስባ ስትወጣ ደጅ ላይ ደረሰባት።

«ስሚኝማ፣ በእናትሽ። እውነቱን ብናገር ማን ከዚህ በኋላ ሥራ ይሰጠኛል? ምን ይዤ አባትሽ ፊት እቀርባለሁ? ለሰርጋችን ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ትወደዋለች፤ ያቃጠላትም ይኸው ነው። ውሸቱ ከሌላ ሰው ቢመጣ ኖሮ ተሳድባ ይወጣላት ነበር።

«ለሰርጋችን?» አለችው ቀስ ብላ። «እኔን አስባርረህ ማንን ልታገባ ነበር?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ከአጥሩ ውጭ ሆና አንድ ጊዜ ዞር አለች። የቢሮው በር አሁንም ክፍት ነው። ገብቶ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ አሥር እርምጃ አይሞላም። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እዚያው እንደቆመ ነው።